የትርፍ አንጀት ሕመም በልጆች ላይ የሚከፋው ለምንድን ነው? ከባሌ ደጋ የተነሣ ምልከታ

(በዲንሾ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



ዛሬ የማነሣው ርእሰ ጉዳይ በሕክምና ትምህርት ውስጥ «የታወቀ» ከሚባሉት አንዱ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የትርፍ አንጀትን ብግነት በስሙ ጠርተው፣ ቶሎ ተለይቶ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንደሚገባው ካስረዱ ወዲህ መሠረታዊው ሐሳብ ብዙም አልተለወጠም። ምልክቶቹ ይታወቃሉ፤ ቀዶ ሕክምናውም ከትንንሾቹ መካከል የሚቆጠር ነው። እንዲያም ሆኖ በአገራችን ብዙ ልጆች ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ የሚደርሱት ትርፍ አንጀታቸው ከተበሳ፣ መግሉም በሆድ ዕቃቸው ከተሰራጨ በኋላ ነው። አንዱ ልጅ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሌላው በዚያው ሕመም ለሳምንታት የሚሠቃየው፣ አልፎ አልፎም ሕይወቱን የሚያጣው ለምንድን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በጥናት ሠንጠረዦች ላይ «አባባሽ ምክንያቶች» ተብለው የሚዘረዘሩት ብዙ ናቸው፦ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ የወላጅ ትምህርት፣ ትኩሳት፣ የደም ምርመራ ውጤት። እነዚህን አንድ በአንድ ስንመረምራቸው ግን አብዛኞቹ የጊዜ ሌላ ስም ሆነው እናገኛቸዋለን። ጊዜ ደግሞ ከልጁ ተፈጥሮ በተለየ መልኩ ልንለውጠው የምንችለው ነገር ነው።

ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ

«በዚህ ሕመም የሚያዘው ማን ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከተያዙት መካከል የሚከፋው የማን ነው?» የሚለው ሌላ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

የመጀመሪያውን በተመለከተ የዴኒስ በርኪት መላ ምት ይታወቃል። በርኪት በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት በቀዶ ሐኪምነት ያገለገሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ሕመም አሰር የበዛበት ምግብ በሚበላበት የአፍሪካ ገጠር እምብዛም እንደማይታይ፣ የተጣራ ምግብ በተለመደበት ግን እንደሚበዛ ተከራክረዋል። መላ ምቱ ዛሬም ያከራክራል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከምግቡ ክርክር ይልቅ ከእንዲህ ያለው ሐሳብ ሊወለድ የሚችለው ልማድ ያሳስበኛል። «የገጠር ልጅ ገብስና ጎመን ይበላል፤ ትርፍ አንጀት የከተማ ሰው ሕመም ነው» የሚል እምነት በጤና ባለሙያው አእምሮ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የገጠሩን ልጅ ሆድ ሲዳስስ ሕመሙ ትዝ አይለውም። ያልታሰበ ሕመም ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ ሕመሙ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ከፍቶ መገኘቱ ሊያስገርመን አይገባም።

በሆድ ውስጥ የሚሆነው

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ፣ በሆድ ቀኝ ታችኛው ክፍል የሚገኝ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ ቀጭን ቱቦ ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው አፉ በደረቀ የሰገራ ጠጠር ወይም በግድግዳው ውስጥ ባሉት የሊምፍ ሕብረ ሕዋሳት ማበጥ ሲደፈን ነው። ከውስጡ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ በቅድሚያ ደም የሚመልሱት፣ ቀጥሎ ደም የሚያመጡት ሥሮች ይታፈናሉ። ደም ያጣው ግድግዳ ይሞታል፤ ባክቴሪያዎች ዘልቀው ይገባሉ፤ በመጨረሻም ግድግዳው ይበሳል።

ምልክቶቹም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ በእምብርት ዙሪያ የሚሰማ፣ ቦታው በውል የማይለይ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል። ብግነቱ የሆድን ውስጠኛ ሽፋን ሲነካ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች ይወርድና በጣት የሚጠቆም ይሆናል። ቻርልስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. በ1889 የገለጹትና ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ነጥብ በዚህ ስፍራ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ግፊት የበዛበት ትርፍ አንጀት ሲበሳ ግፊቱ ስለሚቀንስ ልጁ ለጥቂት ሰዓታት ቀለል ሊለው ይችላል። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጠዋት ጸጥ ይላል። ወላጅ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል፤ ለጉዞ የተጫነው ፈረስ ኮርቻው ይወርድለታል። ከዚያ በኋላ ሆዱ ይነፋል፤ ትኩሳቱ ያይላል፤ ልጁ ለመንቀሳቀስ ይፈራል። የጠፋችው ግማሽ ቀን እጅግ ውድ ነበረች። ያለ ሕክምና በድንገት የቀለለ የሆድ ሕመም ሁልጊዜ መልካም ዜና እንዳልሆነ ለእያንዳንዱ ወላጅ ሊነገር ይገባል።

ዕድሜ

በልጆች ላይ ከሚደረጉ ጥናቶች ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው አባባሽ ምክንያት የዕድሜ ማነስ ነው። ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ሲሆን፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉት ጥቂት ነው። ነገር ግን ከ5 ዓመት በታች ሆነው ከሚታመሙት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በምርመራ ሲደረስባቸው ትርፍ አንጀታቸው ተበስቶ ይገኛል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የአካል አሠራር ነው። በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው መረብ መሰል ስብ፣ ሞራ የምንለው፣ በሰውም ሆድ ውስጥ አለ። በአዋቂ ሰው ሆድ ውስጥ አንድ አካል ሲቆጣ ሞራው ተጠግቶ ይሸፍነዋል፤ መግሉ እንዳይሰራጭም ያጥረዋል። የትንሽ ልጅ ሞራ ግን ገና ቀጭንና አጭር ነው። የትርፍ አንጀቱ ግድግዳም ስስ ነው። ስለዚህ ሲበሳ መግሉ በአንድ ቦታ ታጥሮ ከመቅረት ይልቅ ወደ መላው ሆድ ይሰራጫል።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ትንሽ ልጅ «ሆዴን» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይነግረንም። ጉሮሮው ሲቆስል፣ ሳንባው ሲታመም፣ ሽንቱ ሲያቃጥለው፣ ሲከፋውም «ሆዴን» ይላል። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ በአማርኛ «ሆድ ባሰው» ስንል፣ በዚህ አገር ሕዝብ አፍ መፍቻ በአፋን ኦሮሞም «ጋራ» የሚለው ቃል ሆድንም ስሜትንም ሲያመለክት፣ ከአራት ዓመት ልጅ የተለየ ትክክለኛነት መጠበቅ አይቻልም። በዚያ ላይ ሕመሙ በትንሽ ልጅ ላይ በተለመደው መልክ አይመጣም፤ ተቅማጥ ሊኖረው ይችላል፤ ትውከቱ ከሕመሙ ሊቀድም ይችላል። ይህም መርማሪውን ወደ ሌላ ሕመም ይመራዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ከሁለቱ ምክንያቶች የመጀመሪያው ተፈጥሮ ነው፤ ሁለተኛው ግን መዘግየት ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ዕድሜ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሁለቱን ደርቦ ይዟል።

ሦስቱ መዘግየቶች

ሴሪን ታዴየስ እና ዴቦራ ሜን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እናቶች ሞት ሲጽፉ ያቀረቡትን የ«ሦስቱ መዘግየቶች» አስተሳሰብ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፦ ለመሄድ ከመወሰን መዘግየት፣ ከመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ከማግኘት መዘግየት። ለትርፍ አንጀትም በትክክል ያገለግላል። የመበሳት ዕድል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በአንጻሩ ዝቅተኛ ነው፤ ከ36 ሰዓት በኋላ እያደገ ይሄዳል፤ ሁለት ቀን ሲሞላ ከፍተኛ ይሆናል። ይህን ሰዓት ይዘን በዲንሾ ዙሪያ ካለ መንደር የመጣ አንድ ልጅ እናስብ። ምሳሌ ነው፤ የአንድ የተለየ ልጅ ታሪክ አይደለም።

የሰባት ዓመት እረኛ ነው። ሰኞ ማታ እራቱን አልበላም አለ፤ ሆዱን አመመው። ከብት ሲጠብቅ ብርድ መቶት ይሆናል ተባለ፤ ነጭ ሽንኩርት ተሰጠው፤ ሆዱ ታሸ። ማክሰኞ አስመለሰው፤ ወስፋት ይሆናል ተብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጣ። የሚያስቀምጥ መድኃኒትና ሆድ ማሸት በተቆጣ ትርፍ አንጀት ላይ አደገኛ ስለሆኑ የሕክምና መምህራን ከጥንት ጀምረው ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። እናትየዋ ልሂድ ብትል አባትየው ገበያ ናቸው፤ የትራንስፖርቱ ገንዘብ በእርሳቸው እጅ ነው። ይህ የመጀመሪያው መዘግየት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈጅቷል።

ረቡዕ ጠዋት ጉዞ ተጀመረ። ከመንደሩ እስከ ዋናው መንገድ በፈረስ ነው። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በክረምት ጭቃውና ጉሙ እንዴት እንደሚያጓትት ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ከዲንሾ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሮቤ ጎባ ደግሞ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልጁ የሪራ ልጅ ቢሆን ኖሮ ወደ ጎባ ለመድረስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ ነበረበት። ይህ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛው ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ባለሙያዎች ለምንሆነው ለእኛ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸኛው ነው። በመጀመሪያው ተቋም ሌላ ስም ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሁለተኛው የሪፈር ወረቀት ይጻፍለታል፤ በሦስተኛው አልጋ፣ ደም ወይም የማደንዘዣ ባለሙያ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። መዘግየት ሁሉ እኩል አይከፋም። በፊንላንድና በኖርዌይ በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ያልተወሳሰበ ሕመም ያለባቸውን በ8 ሰዓት ውስጥ መቅደድና በ24 ሰዓት ውስጥ መቅደድ በመበሳት ረገድ ልዩነት እንደማያመጣ አሳይቷል። እነዚያ ሕሙማን ግን ሕመማቸው ተለይቶ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ በክትትል ሥር የነበሩ ናቸው። የእኛ ልጅ የሚያጣቸው ሰዓታት ከዚያ በር በፊት ያሉት ናቸው። ይህን ጥናት ጠቅሶ «ቢቆይም ችግር የለውም» የሚል ሰው፣ የተለያዩ ሁለት ሰዓቶችን አንድ አድርጓል።

ሌላ ስም የተሰጠው ሕመም

በአገራችን የሆድ ሕመምና ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰቡት ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ወስፋት ናቸው። የሚታሰቡትም ስለሚበዙ ነው፤ ጥፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ምርመራው ሐሳባችንን ሲዘጋው ነው። የዊዳል ምርመራ በሽታው በተለመደበት አካባቢ ቀደም ሲል ተይዞ በዳነ ሰው ላይም ሊያሳይ ይችላል፤ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። በሰገራ ውስጥ የወስፋት ዕንቁላል መገኘቱም ትርፍ አንጀቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ወስፋት ያለበት ልጅ በትርፍ አንጀት ሊታመም ይችላል። በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ቀን እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ የለም።

ከዚህ የሚከተለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነው። ከፊል ሕክምና የሕመሙን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ብግነቱ ግን በውስጥ ሊቀጥል ይችላል። በአንጻሩ የሕመም ማስታገሻ ለልጁ መስጠት ምርመራውን ያበላሻል የሚለው የቆየ ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። በስቃይ ላይ ያለ ልጅ ማስታገሻ ሊነፈገው አይገባም፤ ሲረጋጋ ሆዱ እንዲያውም ይበልጥ ይመረመራል።

ምልክት እና መንሥኤ

በምርምር ጽሑፎች ላይ ከሕመሙ መክፋት ጋር ተያይዘው የሚጠቀሱ ሌሎችም አሉ፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ በመላ ሆድ ላይ የተሰራጨ ሕመም፣ የነጭ የደም ሕዋስና የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ከፍ ማለት፣ የሶዲየም መጠን መቀነስ። እነዚህ ሕመሙን አያከፉትም፤ መክፋቱን ይነግሩናል እንጂ። ጭስ እሳት አያነድም፤ እሳት መኖሩን ያሳውቃል። የደረቀው የሰገራ ጠጠር ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ቱቦውን ስለሚደፍን የመበሳትን ዕድል ራሱ ይጨምራል። በአልትራሳውንድ ጠጠር የታየበት ልጅ በቶሎ ወደ ቀዶ ሐኪም መድረስ አለበት። አንዳንድ ልጆች ቤተሰባቸው ሳይዘገይ፣ ባለሙያው ሳይሳሳት በመጀመሪያው ቀን ይበሳባቸዋል። ይህን የምለው፣ የተበሳ ሕመም ያለውን ልጅ ያመጣች እናት ሁሉ «ዘግይተሽ ነው» ተብላ እንዳትወቀስ ነው።

ላቦራቶሪ በሌለበትም ብዙ ማወቅ ይቻላል። ማዳን ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2002 ለልጆች ያዘጋጁት ከ10 የሚታሰብ መለኪያ አለ። ከ10 ነጥብ ውስጥ 8ቱ በጥያቄ፣ በእጅና በቴርሞሜትር የሚገኙ ናቸው፦ ሕመሙ ቦታ መቀየሩ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ በቀኝ ታች ሲነካ ማመሙ፣ ሲያስል ወይም ሲዘል ማመሙ። የቀሩት 2 ነጥቦች ብቻ የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። ልጁን «እስቲ ዝለል» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ሳቅ ብሎ የሚዘል ልጅና ሆዱን ይዞ አልዘልም የሚል ልጅ አንድ አይደሉም።

ቁጥሮችን ስናነብ

አሁን በተለይ ለተመራማሪ ተማሪዎቼ። «በዚህ ሆስፒታል ከመጡት ልጆች ይህን ያህል በመቶ ተበስቶባቸዋል» የሚል ቁጥር ስታዩ አካፋዩን ጠይቁ። ቀላል የሆነ ብግነት አንዳንድ ጊዜ በራሱ ሊበርድ እንደሚችል ይታወቃል። ሆስፒታሉ ሩቅ ሲሆን በራሳቸው የዳኑት አይመጡም፤ የከፋባቸው ብቻ ይመጣሉ፤ መቶኛውም ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ከፍቶባቸው መንገድ ላይ ወይም ቤታቸው የሞቱት በመዝገባችን ላይ የሉም፤ መቶኛውም ከእውነታው ዝቅ ይላል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይስባሉ፤ ስለዚህ የሁለት ሆስፒታሎችን መቶኛ አነጻጽሮ «የእገሌ ይሻላል» ማለት አይቻልም።

እንዲሁም «የገጠር ነዋሪነት» የሚለውን አባባሽ ምክንያት በጥንቃቄ አንብቡት። ገጠር ትርፍ አንጀትን አይበሳም። የሚበሳው ሰዓት ነው። በትንተናችሁ ውስጥ ሕመሙ ከጀመረበት እስከ መጀመሪያው ጤና ተቋም፣ ከዚያ እስከ ሪፈር፣ ከሪፈር እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን ጊዜ ለየብቻው መዝግቡ። «ከ48 ሰዓት በላይ» ብሎ መጠቅለል የቤተሰቡን ሰዓትና የእኛን ሰዓት ያደባልቃል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለቤተሰብ የሚነገረው አጭር ይሁን። ሆዱን እያመመው ምግብ አልፈልግም ያለ፣ ሲራመድ የሚያጎነብስ፣ ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ሳይለቅ የቆየ ልጅ መታየት አለበት። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይጠጣ፤ ሆዱ አይታሽ፤ በድንገት ቢሻለውም ጉዞው አይቅር። ይህን በኦሮምኛ፣ በገበያ ቀን፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ማድረስ ይቻላል።

ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የምለው፣ እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ጊዜ ልጁን ከሰዓታት በኋላ ራሳችሁ ዳግም መርምሩት ነው። «ካልተሻለው ተመለሱ» የሚለው ምክር ቤቱ ቅርብ ለሆነ እንጂ በፈረስ ለመጣ አይሆንም። ስትልኩትም ፈሳሽና የመጀመሪያውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀምራችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ ይሁን።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረችው ቀዶ ሕክምናን ወደ ሕዝቡ ለማቅረብ ነው። ባለሙያው ሲቀርብ ሁለተኛው መዘግየት ያጥራል፤ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ግን በዕውቀትና በትጋት ነው የሚያጥሩት።

በታሪክ ከተመዘገቡት ትርፍ አንጀትን የማውጣት ቀዶ ሕክምናዎች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1735 በለንደን በክላውዲየስ አምያንድ የተደረገው ነው። ሕመምተኛው የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ የዋጠው መርፌ በስቶት ነበር። ማደንዘዣ በሌለበት፣ ጀርም በማይታወቅበት ዘመን ልጁ ዳነ። ዛሬ ማደንዘዣውም መድኃኒቱም አለን። የጎደለን ሰዓት ነው፤ እርሱም በእያንዳንዳችን እጅ ላይ ጥቂት በጥቂት የተከፋፈለ ነው። ተማሪዎቼ፣ ነገ በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ስትቀመጡ ከእናንተ ድርሻ አንዲት ሰዓት እንዳትባክን አደራ እላለሁ።